የሁለተኛው ቀን ጥያቄ



በር ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያዘኝና «ጋሼ፣ ጂኦግራፊው አልበቃ ብሎዎት ነው ሃይማኖት ውስጥ የገቡት?» አለኝ። ልክ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ተራራና ወንዝ ነው። ቄስ አይደለሁም፤ ሼህም አይደለሁም፤ ነገረ መለኮት የሚባለውን ትምህርት በደጁም አላለፍኩ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ያውም ቅዳሴ የሚያረፍድ፣ የሁዳዴን የመጨረሻ ሳምንት እያቃሰተ የሚጨርስ ዓይነት። ደሴ ተወልጄ ደሴ ነው ያረጀሁት። የግራ ጎረቤቴም የቀኝ ጎረቤቴም ሙስሊም ናቸው። የምናገረው ከዚሁ ኑሮ ነው፤ ሌላ ሥልጣን የለኝም።

ክርስቲያንና ሙስሊም የሚገናኝበት እንዲህ ያለ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንድ ታሪክ ይነሳል፤ እኔም ከእሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች የመካ ሰዎች ስደት ቢያጸኑባቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የመካዎቹ ቁረይሾች ደግሞ እጅ መንሻ የያዙ ሁለት መልእክተኞች ላኩባቸው። መልእክተኞቹ አስቀድመው መኳንንቱን በስጦታ ካለዘቡ በኋላ፣ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግራቸው አሳልፎ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ንጉሡ ግን «ሳልሰማቸውማ አልሰጥም» አለ። አስጠርቶም ጠየቃቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ስለ ሁሉም ሆኖ መለሰ፤ ከቁርኣንም ስለ መርየም የሚናገረውን ምዕራፍ ቀራላቸው። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ ይባላል። ታሪኩን ያቆዩልን የእስልምና የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይጨበጨባል። ሻይ ይቀርባል። እኔ ስንት አዳራሽ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዳጨበጨብኩ አላስታውስም።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ማግሥት አለው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ዐምር ኢብን አል-ዓስ ብልጥ ሰው ነው፤ ነገ ተመልሼ ነቅዬ የማወጣቸው ነገር አለኝ ብሎ ፎከረ። ጓደኛው እንኳ «ተው፣ ቢያስቀይሙንም ዘመዶቻችን ናቸው» ቢለው አልሰማም። በማግሥቱ ገብቶ «ንጉሥ ሆይ፣ ስለ መርየም ልጅ የሚሉትን እስቲ ይጠይቋቸው» አለ። ስደተኞቹ ይህን ሲሰሙ ተሰብስበው መከሩ፤ ምን እንመልስ? አስቡት እንግዲህ። የሚያስጠጋቸው ንጉሥ ክርስቲያን ነው። ትናንት አስለቅሰውታል። ዛሬ ደግሞ እሱ አምላኬ ነው ብሎ ስለሚሰግድለት ይጠይቃቸዋል። ለስለስ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን የሆነው ይሁን፣ ያመንነውን እንናገራለን ብለው ወሰኑ። ጃዕፈርም ኢየሱስ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የተጣለ ቃልና መንፈስ ነው ብሎ መለሰ። ንጉሡ ከመሬት ስንጥር አንሥቶ፣ ልዩነቱ ከዚህች እንጨት አይበልጥም እንዳለ ይተረካል። መኳንንቱ አጉረመረሙ። እሱ ግን ብታጉረመርሙም ብሎ አለፋቸው፤ ለስደተኞቹም በምድሬ በሰላም ኑሩ አላቸው።

እኔን ይዞኝ የቀረው ይኼ ሁለተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ንግግር የጋራ ስለሆነው ነገር ነው፤ ስለ መርየም፣ ስለ ማርያም። የሁለተኛው ቀን የማይገጥመውን ይነካል። እኛ ወሎዬዎች፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያው ቀን ላይ ዓለም የሚቀናበት ችሎታ አለን። ወደ ሁለተኛው ቀን ስንደርስ ግን ወይ አፋችንን እንዘጋለን፣ ወይ ድምፃችንን እንከፍታለን። በሁለቱ መካከል ያለውን አልተማርነውም። እኔ ራሴ የተማርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ዝምታችንን ማየት የሚፈልግ ሠርግ ቤት ይግባ። የታላቅ እህቴ ሠርግ ጊዜ ዘጠኝ ወይ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ለክርስቲያኑ በሬ አስጣለች፤ ለሙስሊሙ ወገን ደግሞ ሁለት ሙክት ለይታ አሰረች። የሚያርደው የቀኝ ጎረቤታችን ነው። ድስቱም ቢላዋውም ማማሰያውም ከእነሱ ቤት መጣ፤ የእኛ ሥጋ የነካው ዕቃ ለእነሱ አይሆንማ። ወጥ ሠሪዎቹም የእነሱ ሴቶች ናቸው። እንጀራው አንድ፣ ጠላው ለእኛ፣ ብርዙ ለእነሱ። ሁሉም በልቶ መርቆ ሄደ። እኔ እናቴን ቀሚሷን ይዤ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የእኛን ሥጋ የማይበሉት?» አልኳት። «ዝም በል፣ ነውር ነው!» አለችኝ። ድስት ተበድራ፣ ሙክት ገዝታ፣ ድንኳን ለይታ ያከበረችው ልዩነት ነው፤ ስሙን መጥራት ግን ነውር ሆነባት።

ለምን ነውር ሆነ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ቁርኣን መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ የተፈቀደ ነው ይላል፤ በሌላ አገር ያሉ ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም በዚህ መሠረት ክርስቲያን ያረደውን መብላት ይፈቅዳሉ። በእኛ አገር ግን ሥጋ ሌላ ሸክም ተሸክሟል። የእነሱን ሥጋ በላ ማለት ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነበር። ስለዚህ የልጅ ጥያቄዬ ስለ ምግብ አልነበረም፤ ሳላውቀው ስለ መጠመቅና ስለ መስለም ነበር የጠየቅኩት። ያ ጥያቄ ደግሞ በዚህ አገር ደም ያለበት ጥያቄ ነው።

ደሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ በስተሰሜን ትንሽ እልፍ ሲሉ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት እዚያ ጉባኤ አደረጉ። መጀመሪያ ክርስቲያኑ እርስ በርሱ ተከራከረ፤ በሁለት ልደት የሚያምነው ተዋሕዶና ሦስት ልደት የሚለው ጸጋ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶ ረታ ተባለ። ከዚያ ቀጥሎ ተራው የወሎ ሙስሊም ሆነ። መኳንንቱ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመት እንዲለቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ እዚሁ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሼህ ጠልሃ ግን እንቢ ብለው ሸፈቱ። የዘመኑ ሰዎች ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ማታ መስጊድ ስለሚሰግዱ ብዙዎች ያወራሉ።

ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንት ነበሩ፤ መጽሐፍ ነበረ፤ ጥያቄና መልስ ነበረ። ያልነበረው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ተናግሮ እንደነበረ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም ነበር። አክሱም ላይ ያ ነበረ። ሁለቱ ጉባኤዎች የተለያዩት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። «አይጠየፍ» የሚለው ስም ደስ ይለኛል፤ ማንንም ገፍቶ የማይመልስ ግብር ቤት ማለት ነው። ሠሪው ግን የወላጆቻቸውን ሃይማኖት በትእዛዝ የለወጡ ሰው መሆናቸውን ሳስበው ስሙ ሌላ ድምፅ ይሰጠኛል።

እና እናቶቻችን ዝም በል ያሉን ከድንቁርና አይደለም። የሃይማኖት ንግግር መጨረሻው ምን እንደሆነ ከእናቶቻቸው ሰምተዋል። ዝምታው ጎረቤትን ከጎረቤት አትርፏል፤ አልነቅፈውም። ግን ዝምታ ሲቆይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶውን ቦታ ዛሬ ማን እንደሞላው ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ማይክራፎን የያዘ ወጣት ሌላውን «አፋጠጥኩት» እያለ ይለጥፋል። ክርስቲያኑ ቁርኣን ይጠቅሳል፣ ሙስሊሙ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳል። እያንዳንዱ የሰውን መጽሐፍ የሚያነበው እንደ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ክስ ፍለጋ።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በክብር የተደረገበትም ጊዜ አለ። አባ እንባቆም የሚባሉ አባት ነበሩ፤ የየመን ሰው፣ ተወልደው ያደጉት በእስልምና፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስቲያን ሆኑ፣ መነኰሱ፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆኑ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ የምንላቸው ማለቴ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በሚያቃጥሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1540 «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ለእሳቸው ጻፉ፤ ከቁርኣን እየጠቀሱ። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። ቁርኣኑንም ያውቁታል፤ የልጅነታቸው መጽሐፍ ነው። ግን ከጃዕፈር ጋር ሳስተያየው ልቤ ወደ ጃዕፈር ያደላል። እሱ ንጉሡን በወንጌል ሊረታው አልሞከረም፤ የራሱን ነው የቀራው።

የራስን መናገር ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ዐፄ ገላውዴዎስን ተመልከቱ። የፖርቱጋል ወታደሮች ከግራኝ ጋር በነበረው ጦርነት ረድተዋቸዋል፤ ተከትለው የመጡት ካቶሊኮች ደግሞ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ አሳማ አትበሉም፣ አይሁድ ናችሁ እያሉ ይከሷቸዋል። ባለውለታ ሲከስህ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1555 ንጉሡ በግዕዝ አንዲት አጭር የእምነት መግለጫ ጻፉ። መጀመሪያ ያመኑትን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ክሱ መጡ፤ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱትና እሳት እንደማያነዱት እንደ አይሁድ አይደለም፣ ቁርባን እናቀርብበታለን እንጂ አሉ። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በሕንድም ጆሮ እንደሚበሳው ያለ ነው አሉ። ስለ አሳማውም የሚበላውን እንደማይነቅፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ገለጹ።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ያቺ የጆሮ ነገር በጣም ታስደስተኛለች። ፖርቱጋሎች ሕንድን ያውቁታል፤ ጎዋ ይገዙ ነበር። ንጉሡ ምሳሌውን የወሰዱት ሰሚው በዓይኑ ካየው አገር ነው። ላስታ ወይ ቡግና ውስጥ ያለ ልማድ ቢጠቅሱ ኖሮ ለእነዚያ ሰዎች ምንም አይሆንም ነበር። ሰድበው አልመለሱም፤ አልተለማመጡምም።

ከእሳቸው ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ የተጎዳ ሰው አለ። ጸጋ ዘአብ ይባላሉ፤ የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን ደረሱ። ለወዳጅነት የሄዱ ሰው ናቸው። የዚያ አገር የነገረ መለኮት ሊቃውንት ግን ይመረምሯቸው ጀመር፤ መናፍቅ ነህ ብለው ከቁርባን ከለከሏቸው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በ1533 ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የሚባል ፖርቱጋላዊ ምሁር አገኛቸውና፣ እስቲ የሃይማኖታችሁን ነገር ራስዎ ይጻፉልኝ አላቸው። ጻፉ። በመጽሐፉ ውስጥ ቅሬታቸው ይሰማል፤ የተጠመቀን ሰው እንደ አረማዊ ማራቅ ምን ዓይነት ክርስትና ነው የሚል። እሱ በላቲን ተርጉሞ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው፤ ፖርቱጋል ውስጥ ግን መጽሐፉ እንዳይዘዋወር ተከለከለ። እኔ በዚህ ታሪክ ትልቅ የምለው ጎይሽን ነው። እነዚያ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት ከኢትዮጵያዊው በላይ እናውቃለን ብለው መረመሩ፤ እሱ ብዕር ሰጠ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ።

አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ፤ ሙስሊም ነው። ሱሪዬን ከማሳጠር ጀምረን አሁን ሃያ ዓመት አልፎናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እሱ ሱቅ ነው የምውለው። ሚስቱ ቡናውን እዚያው ታፈላለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። (በነገራችን ላይ ክርስቲያኑም ሦስተኛዋን ስኒ በረካ እያለ ይጠጣል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።) ከዕለታት አንድ ቀን ሲንጀሩን አቁሞ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝም?» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«ይኼ ሥላሴ የምትሉት ነገር፤ ሦስት ናቸው አንድ?»

ልቤ ዘለለ። ከዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት ያጠናሁትን አወረድኩለት። ፀሐይ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፤ ሦስት ነገር ናት፣ አንድ ፀሐይ ናት። አካል፣ ስም፣ ግብር። እጄን እያወናጨፍኩ። እሱ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ምሳሌው ደስ ይላል፤ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው። ሌሊት ልጅህ ታሞብህ ስትነሣ ማንን ነው የምትጠራው?»

ዝም አልኩ። መልሱን አላጣሁትም፤ ያፈርኩት መልሱን ስለማውቀው ነው። ሌሊት ልጄ ሲታመም መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው «እመቤቴ ማርያም» ነው። ይህን ለሙስሊም መናገር ማለት፣ እሱ ከሁሉ የከፋ ኃጢአት የሚለውን በራሴ ላይ መመስከር ነው። የፀሐዩ ምሳሌ ጋሻ ነበር፤ ከጋሻው ጀርባ እኔ አልነበርኩም። ነገርኩት። መጀመሪያ እመቤቴ እላለሁ፣ ለምኝልኝ ለማለት ነው፤ ቀጥዬ ጌታዬ እላለሁ፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ስል ደግሞ ሦስት ፊት የቆምኩ መስሎኝ አያውቅም፣ አንድ ፊት ነው የምቆመው አልኩት።

እሱም አልደበቀኝም። «በእኛ ይኼ ከባድ ነው። ከአላህ በቀር አይለመንም፤ ሽርክ ነው የምንለው» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆየና «ግን አሁን አንተ የምትለው ገባኝ» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ሽርክ» ሲል ከፋኝ። ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። በማግሥቱ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ስጠየቅ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ሳስበው ሰውየው ያመነውን በፊቴ ተናግሮ ስኒዬን አልቀየረብኝም። በዚያ ቀን የመጠየቁ ተራ የእኔ ሆነ። «ቁርኣኑን በዐረብኛ ስትቀራ ሁሉንም ትረዳዋለህ?» አልኩት። የሚያስከፋ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። «የት ብዬ!» ብሎ ሳቀ። «ጥቂቱን እረዳለሁ፤ የቀረው ድምፁ ነው የሚይዘኝ።» እኔ ደግሞ ስልሳ ዓመት ሙሉ በግዕዝ ቅዳሴ ቆሜ ግማሹን ሳልረዳ የማለቅስ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን መመሳሰል የመጀመሪያው ቀን ንግግር አይሰጥም። «ሁላችንም የአብርሃም ልጆች ነን» ከሚለው ጭብጨባ ውስጥ አይገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ለሙስሊም ጎረቤቴ ያሳየሁትን ትዕግሥት ለገዛ ወንድሜ ልጅ አላሳየሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ጌታን ተቀብያለሁ» ብላ ስትመለስ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ «ጴንጤ ሆነሽ መጣሽ?» ያልኳት። ሁለት ዓመት ምን አግኝታ እንደሄደች አልጠየቅኳትም፤ ማን እንደሸወዳት ብቻ ነው የጠየቅኩት። እሷም በበኩሏ ሁለት ዓመት ሙሉ ልታድነኝ እንጂ ልትሰማኝ አልመጣችም። መጽሐፋችን አንድ ነው፤ እንደ እኔ ግምት ጠባችን የባሰው ለዚህ ነው። ከሩቁ ሰው ጋር ልዩነቱን አስቀድመህ ተቀብለኸዋል፤ ከቅርቡ ሰው ጋር እያንዳንዱ ልዩነት ክህደት ይመስልሃል። አሁን ትደውልልኛለች። አንድ ቀን «አጎቴ፣ እርስዎ ሲጸልዩ ምን ይሰማዎታል?» አለችኝ። ከስንት ክርክር በኋላ!

ሰዓቴን አያለሁ፤ አስተባባሪዎቹም ያዩኛል። አንዲት ነገር ጨምሬ ልውረድ።

ባለፈው ረመዳን ከመግሪብ በኋላ ልብስ ሰፊው ቤት ነበርኩ። ተምር ተበላ፣ ሾርባ ተጠጣ፣ ሳምቡሳው የምስር ነው፤ ለእኔ ተብሎ ነው የምስር የሆነው፣ እሱም እኔም ያን አንሥተን አናውቅም። ቡናው ሲቀርብ የዚያን የአክሱም ንጉሥ፣ የነጃሺን ነገር አነሣና «ቆይ፣ እናንተ መስለሙን ለምንድን ነው የማትቀበሉት? ሲሞት እኮ ነቢያችን ከሩቅ ሰግደውበታል» አለኝ። በአዳራሽ የማይነሣው ጥያቄ ይኼ ነው። እነሱ ሰለመ ይላሉ፤ እኛ ክርስቲያን ሆኖ ሞተ እንላለን፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ሁለታችንም «ደጉ ንጉሥ» ብለን እናልፈዋለን።

የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «እስቲ ላስብ» አልኩት። ካሰብኩ በኋላ «ታሪኩን የሰማሁት ከእናንተ መጻሕፍት ነው። ስደተኞቹን ተቀበለ የሚለውን ከመጽሐፋችሁ ወስጄ እየኮራሁበት፣ ሰለመ የሚለውን እዚያው መጽሐፍ ላይ ስደርስ መዝለሌ በምን እንደሆነ እኔም አላውቅም» አልኩት።

እሱ ስኒውን አስቀመጠ። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም፤ ግንባሩን እያሸ «እኔም እኮ አንድ የሚቆረቁረኝ አለ» አለ። «ንጉሡ ከሰለመ፣ ከእሱ በኋላ አክሱም እንዴት ክርስቲያን ሆና ቀጠለች? ልጆቹስ? ይኼን ሼሁን ጠይቄ ነበር...»

ሚስቱ በረካውን ቀዳች።